ከመርዶው በፊት የነበረው ጨዋታ

የበረዶ ሆኪ የሚባል ጨዋታ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት ከጣሪያዬ በላይ በሚሰማ ጩኸት ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ማውንትሌክ ቴራስ ውስጥ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ በመጣ ቁጥር ጋሼ የምላቸው ባልየው ከላይ ይጮኻሉ። ጠብ መስሎኝ አንድ ቀን ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። እትዬ የምላቸው ሚስትየው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ በቢላዋቸው ወደ ሳሎን ጠቆሙኝ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ትከሻቸውን በትጥቅ ያሳበጡ ጎረምሶች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ይሻማሉ።

«ነይ ቁጭ በይ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው» አሉኝ።

ሁለት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔም ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን ሌላ ቦታ አላሳለፍኩም።

ጋሼ ወደ ሲያትል ከመምጣታቸው በፊት ቫንኩቨር ለብዙ ዓመት ኖረዋል። «ክረምት ላይ እዚያ ሌላ ወሬ የለም፤ ወይ ሆኪ ትማሪያለሽ ወይ ዲዳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ይሉ ነበር። እንግሊዝኛውንም ቢሆን የለመዱት ከጨዋታው አስተላላፊዎች ነው፤ ለዚህ ይሆናል ሲናገሩ የሚቸኩሉት። በዚያን ጊዜ ሲያትል የራሷ ትልቅ የሆኪ ቡድን አልነበራትም። ስለዚህ የእኛ ቡድን ከድንበሩ ማዶ ያለው የድሮ ከተማቸው ቡድን ነበር፤ ጨዋታውም በኬብል በሚገባልን የካናዳ ቻናል ይመጣል። ጥቁሯን የጎማ ክብ በዓይን መከተል፣ ያጠፋ ተጫዋች ለምን ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሁለት ሰዎች ጓንታቸውን ጥለው ሲቧቀሱ ዳኛው ለምን ቆሞ እንደሚያይ፣ ሁሉንም ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። የመጨረሻው እስካሁን አልገባኝም።

ጨዋታው ሲያልቅ ጋሼ የስልክ ካርዱን ከቴሌቪዥኑ ራስ ላይ አንስተው ናዝሬት ይደውላሉ። እዚያ እሑድ ጠዋት ሆኗል። የሚደውሉት እቴቴ ለሚሏቸው ታላቅ እህታቸው ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ሞተው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። እቴቴ ሆኪ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ሰላምታው እንዳበቃ «እነዚያ በረዶ ላይ የሚሮጡት ልጆችህ እንዴት ሆኑ? ማንም አልተሰበረም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጋሼም ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርካሉ። ድምፅ ማጉያውን ስለሚከፍቱት እቴቴ በየመሃሉ «ኧረ በስመ አብ!» ሲሉ እኔም እሰማ ነበር። ሽንፈቱን ለእሳቸው ሲነግሩ ግን ትንሽ ያለሳልሱታል።

ማለሳለስ የሚያስፈልገው ብዙ ነበር፤ የዚያ ዓመት ቡድናችን ልብ ሊያደክም የተሠራ ቡድን ነው። ጥቅምት ላይ ተከታትሎ አሸነፈ፤ እኔም ዋንጫው የገባልን መሰለኝ። ጋሼ «ቀስ በይ፤ ገና ኅዳርም አልገባ» አሉኝ። ኅዳር ሲገባ ዋናው በረኛ ብሽሽቱን ተጎዳ። በእሱ ቦታ የገባው ልጅ አንድ ቀን ግድግዳ ይሆናል፣ በማግስቱ ወንፊት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ታላላቆቹን ቡድኖች አሸንፎ መጥቶ ለጭራዎቹ እጁን መስጠቱ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ፤ አንድ ቅዳሜ ጫማዬን ወደ ቴሌቪዥኑ ወርውሬ ሳትኩት። እትዬ ጫማውን ከወደቀበት አንስተው፣ በሩን ከፍተው፣ በረንዳ ላይ አስቀመጡት። ዝናቡ ሲመታው አደረ።

ጋሼ እንደኔ አይቆጡም። ልጆቹ ሲሸነፉ ተነስተው ውሃ ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። «ቡድን ዘመድ ነው። አስቸገረኝ ብለሽ አትለውጪውም» ይሉኛል። ሲያሸንፉ ግን ያው ጩኸታቸው ነው።

ስለ ጋሼ ሌላም መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት ወሬው መጀመሪያ ለእሱ አይደርስም። ለጎረቤቱ፣ ለጓደኛው፣ ለዕድሩ ሰው ይደወላል፤ እነሱ ተመካክረው ቀን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ቀኑ ሳይጀመር፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ተሰብስበው ሄደው ያረዱታል። የሲያትል ሐበሻ ይህን ይዞ መጥቷል። እኛ አካባቢ ደግሞ አፍ የሚከፍቱት ጋሼ ነበሩ። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ቃል አያበዙም። ስንቱን አርድተዋል። ከዚያ ቤት ሲመለሱ ቁርሳቸውን አይበሉም፤ ጓሮ ወጥተው ዝናብ ቢኖርም ትንሽ ይቆማሉ። አንድ የታክሲ ሾፌር ሀይዌይ ላይ እየነዳ የእናቱን ሞት በስልክ ሰምቶ መኪናውን ከአጥር ጋር አላትሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በዚህ ነገር ድርድር አያውቁም። «መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በጠዋት፣ በሰው መሃል ነው» ይላሉ። ነገሩ አገር ቤት በነበርኩ ጊዜም አይገርመኝም ነበር፤ ሁላችንም እንዲያ ነን።

መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሊገባ ሲል፣ ሁዳዴ ጾም ላይ ነን፣ ቡድናችን ከሽንፈቱ ተነሳ። ዋናው በረኛ ተመለሰ። ከጥሎ ማለፉ ውጭ የነበረው ቡድን እየተሳበ መጥቶ አፋፉ ላይ ደረሰ። ነገሩ ሁሉ በመጨረሻዋ ቅዳሜ ጨዋታ ላይ ወደቀ፤ ካሸነፉ ያልፋሉ፣ ከተሸነፉ ዓመቱ አለቀ። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያወሩት።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ልብስ ማጠቢያው ወዳለበት ወደ እኔ ምድር ቤት ወረዱ። ማድረቂያውን ባዶውን አስነሱት። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እቴቴ ሞተች» አሉኝ። ማድረቂያው እስኪቆም ድረስ እዚያው አለቀስን። ጋሼ ከላይ ሳሎን ውስጥ ዜና እያዩ ነበር።

ማታውኑ የዕድሩ ሽማግሌ ደወሉልኝ።

«ሶ፣ ታኮማ ያለው ታናሽ ወንድማቸው እሑድ ነው ከሥራ ኦፍ የሚሆነው፤ እሱ ሳይኖር አይሆንም። እሑድ ማለዳ ይሁን ብለናል። እስከዚያ አንቺ ነሽ የምትጠብቂያቸው። ስልክ እንዳይደርሳቸው። ቅዳሜ ደግሞ ያቺን ጨዋታችሁን አብራችሁ እዩ፣ እንደ ወትሮው። ኦኬ?»

«እሺ አባባ» አልኩ።

እትዬ የጋሼን ሞባይል ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ ብለው ደበቁት። እኔ የስልክ ካርዱን ከቴሌቪዥኑ ራስ ላይ አነሳሁ። ሐሙስና ዓርብ የሆዴን በሆዴ ይዤ፣ ከምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ስመለስ ቀጥታ ወደ ክፍሌ እየገባሁ አለፉ። ጋሼ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «ምነው ጠፋሽ? ለቅዳሜ ፈራሽ እንዴ?» ይሉኛል። ፈርቻለሁ እላቸዋለሁ። እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ መጣ። እትዬ ቆሎ አቀረቡልንና ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ጎል ገባባቸው። ይግረማችሁና ደስ አለኝ። ይሸነፉና ዝም ብለን እንተኛ፤ ጋሼም በደስታ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሐዘን ይደሩ፤ እሱ ይሻላል ብዬ በልቤ ተቃራኒውን ቡድን መደገፍ ጀመርኩ። ዓመቱን ሙሉ እንዲያሸንፉ ስለምን፣ የሚሸነፉበት ቀን እየመረጡ ይሸነፉብኝ ነበር። በዚያች ቀን ብቻ ስለምንባቸው እምቢ አሉ። አንድ አገቡ። በረኛው በደረቱ፣ በእግሩ፣ በራሱ ቁር ሳይቀር እያወጣ አላስገባም አለ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አቻ ሆኑ።

ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ጋሼ መቀመጥ አቅቷቸው ቆሙ። እኔንም እጄን ይዘው አስነሱኝ። ጥቁሯ ክብ ከግርግሩ መሃል ሾልካ መረቡን ስትነካ ያን የመሰለ ጩኸት ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ ትከሻቸውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየሰበቁ እስክስታ ወረዱ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በካልሲ፣ ሳሎን መሃል። በወጥ ቤቱ በር እትዬን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እኔ ግን የማዞርበት አልነበረኝም። እንባዬ መጣ። ልውጠው ብል እምቢ አለኝና በዓይናቸው ፊት አለቀስኩ።

ጋሼ እስክስታውን አቁመው አዩኝ። ከዚያ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ።

«ለሆኪ የምታለቅስ ሐበሻ! አንቺ፣ ነይ እይልኝ ይቺን ጉድ!»

እትዬ አልመጡም። ጋሼ እየሳቁ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ራስ ሰደዱ። ካርዱ የለም።

«እኔ ጨርሼዋለሁ፣ ጋሼ። ነገ እገዛለሁ» አልኩ።

«ዛሬን ነበር የፈለግሁት» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። «ይሁን፣ ኦኬ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። ልጆቹ አልፈዋል ስላት እኮ ደስታዋን አትችለውም።»

ደህና እደሪ ብለውኝ ገቡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሰዎቹ መጡ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት በኔ ምድር ቤት ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፣ ወንዶቹ ማጠቢያውን ተደግፈው ቆሙ። ለጋሼ ታናሽ ወንድም መንገድ ላይ ነግረዋቸው ነበርና ዓይናቸው አብጧል። ሰማዩ ግራጫ ሲል በውጭ በኩል ዞረን የፊቱን በር አንኳኳን።

ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ከፈቱ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በራቸው ላይ ሲያዩ አልደነገጡም። ስንት ጊዜ እንደዚሁ መጥተው ወስደዋቸዋል!

«ቆይ፣ ካፖርቴን ላድርግ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ። የካፖርቱን አንዱን ቁልፍ ቆለፉ። «በስንት መኪና ነን?» ብለው ጠየቁ። «የት ነው የምንሄደው? ለማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ የኖሩት የዕድሩ ሽማግሌ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ አንድ በአንድ ሁላችንንም አዩን። ከሰው ኋላ ተሸሽገው የቆሙት ታናሽ ወንድማቸው ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«እቴቴ?» አሉ።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የዚያን ቀን አልገደደም። ሰዉ እየገባ ሲወጣ፣ ሻይና ሽሮ ሲመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ሲጣል፣ ከሰዓት ሆነ። ውሃ ላቀርብላቸው ጎንበስ ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ትናንት ያለቀስሽው ለዚህ ነው።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ተቀብራለች። እኔ እስክስታ እወርዳለሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ለራሳቸው የነገሩት ይመስላል። ከጎናቸው የነበሩት ሴትዮ «ኧረ ጋሼ፣ ደንቡ ነው፣ ልጅቱ ምን ታድርግ?» አሏቸው። «አውቃለሁ። ደንቡማ የኔ ነው» አሉና ውሃውን ተቀበሉኝ።

ጥሎ ማለፉ ተጀመረ። ከላይ ቴሌቪዥኑ እንደተሸፈነ ነው፣ ለቀስተኛው ይመላለሳል። እኔ ከታች ትንሿን ቴሌቪዥኔን ድምፁን አጥፍቼ ማየት ጀመርኩ። ሆኪ ያለ ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የሚጋጩት ሳይሰማሽ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጮኹት ሳይሰማሽ። የመጀመሪያውን ዙር አለፉ። ጎል ሲገባ ትራሴን ነከስኩ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ቤት ገብቼ የሰረቅሁ ያህል አፈርኩ። በሁለተኛው ዙር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፉት በኖሩት ቡድን ወደቁ። ጋሼ ልጆቹ እንዴት ሆኑ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሁሉም ሰው ደህና አደረግሽ አለኝ። ጋሼም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ያስታውሱኛል። ቅዳሜ ነይ ማለት ግን ቀረ። ከእንግዲህ ለመርዶ አትጥሩኝ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ማለታቸውን ከሰው ሰማሁ። መስከረም አልፎ አዲሱ የጨዋታ ዘመን ሲጀመር ከላይ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ የሳቸው አይሰማኝም። ቡድኑ በዚያ ዓመት ጥሩ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ያለ እሳቸው ምኑም አልጣመኝ። አንድ ቀን ደፍሬ ልውጣ ብዬ ደረጃው መሃል ደርሼ ተመለስኩ። ናፍቀውኝ ነበር፤ አሥር እርምጃ በማይሞላ ደረጃ ላይ ያለ ሰው እንዲህ እንደሚናፍቅ አላውቅም ነበር።

በዚያ የፈረንጆች ክረምት ደብረ ብርሃን ያሉት አባቴ ታመው ነበር። ሐኪም ቤት ገቡ፣ ወጡ፣ እህሉንም መብላት ጀመሩ ተባልኩ። ተሽሏቸዋል ብዬ ልቤ አርፎ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፣ ዩኒፎርሜን እየተኮስኩ ነው፤ የደረጃው በር ተከፈተና ጋሼ ወረዱ። እኔ ጋ ወርደው አያውቁም። ብቻቸውን ናቸው። ቀስ እያሉ፣ ግድግዳውን እየያዙ ወረዱ። ዛሬ ትልቅ ጨዋታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሊጠሩኝ እንደመጡ ገባኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ካውያውን ነቀልኩ፣ ሹራቤን ከወንበሩ ላይ አፈፍ አደረግሁ።

«መጣሁ ጋሼ! ተጀመረ እንዴ?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ገና ነው» አሉ። «ቁጭ በይ።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼም ከጎኔ ተቀመጡ። እንደዚያ አጠገቤ ተቀምጠው አያውቁም። ስንቱን ቤት ያረዳው፣ የማይንቀጠቀጠው ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«አባትሽ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ነገ በማለዳ ይነገራት ብለው ተስማምተዋል፤ ሰዉም ተቀጥሯል። እኔ ግን ዛሬን ስትስቂ እንድታመሽብኝ አልፈለግሁም።»